ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ጠባብ የአየር ቧንቧ

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በደምበልና በኦሎምፒያ አልፎ ወደ ቦሌ የሚዘልቀው መንገድ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከታደሰ ወዲህ፣ ከመብራቱም ከአበባውም በላይ የሰፈሩን ሰው ልማድ የለወጠው የእግረኛ መንገዱ ነው። ጎማቸውን ጠርዙ ላይ ከሰቀሉ መኪኖች ጋር እየተጋፉ ያልፉበት የነበረው ቦታ ዛሬ ሰው ጎን ለጎን እያወራ የሚራመድበት ሆኗል፤ የብስክሌት መስመርም ተሰምሮለታል። ንጋት ላይ ኦሎምፒያ ቆሞ ለሚያይ፣ ቱታ የለበሱ ጡረተኞች፣ ከሥራ በፊት ላባቸውን ሊያወጡ የወጡ ወጣቶች፣ ከኡራኤል ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ፈጠን ፈጠን የሚሉ እናቶች አይጠፉም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መኪና ለጥቂት ሰዓት ታግዶ ሰው አስፋልት ላይ ሲሮጥ እንደ ብርቅ ይታይ የነበረው ነገር አሁን የየዕለት ሆኗል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል አስም ያለባቸው አሉ። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ «አንተ ተው፣ ይነሳብሃል» እየተባሉ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የጓደኞቻቸውን ሹራብ ይዘው ዳር ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። አሁን መንገዱ በራቸው ድረስ ሲመጣላቸው የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ብሮጥ ሳንባዬ ይጠነክራል ወይስ ይብስብኛል? ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳቸው ሲጠፋ ጥያቄውን ለጎረቤትና ለአሠልጣኝ ያቀርቡታል፤ የሚያገኙት መልስም ወይ «በፍጹም አትሞክር» ነው፣ ወይ «እልህ ይዘህ ሩጥ፣ ይለቅሃል»። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ። የመጀመሪያው ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል፣ ሁለተኛው ድንገተኛ ክፍል ያደርሰዋል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አስም ያለበት ሰው አቅሙን ማሳደግ ይችላል፣ ሊያሳድግም ይገባዋል። ከተማዋ ግን ለእግሩ የሠራችለትን ያህል ለትንፋሹ አልሠራችለትም። መንገዱ ሲሰፋ አብሮ መስፋት የነበረበት የአስም ሕክምናና የአየር ጥራት ጉዳይ ባለበት ቆሟል። ይህን ለማየት ግን «የሳንባ አቅም» የምንለው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ መጥራት አለበት።

አስም ያለበት ሰው ሳንባ ትንሽ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አየር ከጤነኛው ጋር የሚስተካከል ነው፤ ችግሩ ያለው በመተላለፊያው ላይ ነው። የአየር ቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ በቁጣ ያብጣል፣ አክታ ይበዛበታል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻም ይኮማተራል። ቧንቧ ሲጠብ ደግሞ ከመሳብ ይልቅ ማስወጣት ነው የሚከብደው። ደረት ሲጥ ሲጥ የሚለውም በአብዛኛው ትንፋሽ ሲወጣ ነው። ያልወጣው አየር ውስጥ ይከማቻል፤ በላዩ ላይ ሌላ ትንፋሽ ይሳባል። በሥራ መውጫ ሰዓት ወራጅ ሳይወርድ ተሳፋሪ እንደሚጨምር ሚኒባስ ማለት ነው። አስሙ የተነሳበት ሰው «አየር አጠረኝ» ይላል እንጂ ደረቱ ሞልቶ ነው መግቢያ ያጣው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት «በደንብ ሳብ፣ ደረትህን ንፋ» ብሎ መምከር የበለጠ ማፈን ነው። የሚያግዘው ቀስ ብሎ፣ ከንፈርን እንደ ፉጨት ጠበብ አድርጎ አየሩን ማስወጣት ነው፤ እሱም መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ ብቻ።

ሐኪሞች ይህን የሚለኩበት ስፓይሮሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። ዋናው ቁጥር አንድ ሰው በሙሉ ኃይሉ ሲተነፍስ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ምን ያህል አየር ማስወጣት እንደቻለ ነው። ቤት ውስጥ የሚያዝ ርካሽ ዘመዱም አለ፤ ፒክ ፍሎው ሜትር ይባላል፣ መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ ቱቦ ናት፣ ባትሪም ኤሌክትሪክም አትፈልግም። ጠዋትና ማታ ተነፍቶባት ቁጥሩ ደብተር ላይ ሲጻፍ፣ አስሙ ከመነሳቱ በፊት ቧንቧው መጥበብ መጀመሩን ታሳያለች። የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን እንደሚለካ፣ የደም ግፊት ያለበትም ግፊቱን እንደሚለካ ሁሉም ያውቃል፤ አስም ያለበት ሰው ግን ትንፋሹን ቤቱ ሊለካ እንደሚችል የነገረው ያለ አይመስልም።

ስፖርትስ ምን ይጨምራል? አስም ላለባቸው ሰዎች ስለሚሰጥ የአካል ብቃት ሥልጠና የተደረጉ 21 ጥናቶችን፣ በድምሩ 772 ሰዎችን አሰባስቦ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮክሬን ግምገማ የደረሰበት ነገር ለኦሎምፒያ ተጓዦች መልስ አለው። የሠለጠኑት ሰዎች ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በግልጽ አድጓል፤ ሥልጠናውም አስማቸውን አላባባሰውም። በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የሚወጣው የአየር መጠን ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ሩጫ ቧንቧውን አላሰፋውም ማለት ነው። ያሠለጠነው ልብን፣ የደም ዝውውርንና የእግር ጡንቻን ነው፤ እነዚህ ሲጠነክሩ ያው ደረጃ፣ ያው ዳገት በትንሽ ትንፋሽ ይወጣል። ሊፍት ሲበላሽ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለቴ የሚቆመው ሰው ከጥቂት ወራት ፈጣን እርምጃ በኋላ ሳይቆም ይደርስ ይሆናል፤ ስፓይሮሜትር ላይ ቢነፋ ግን ቁጥሩ የድሮው ሊሆን ይችላል። ለእሱ ግን ለውጡ እውነተኛ ነው፤ ኑሮው ያለው ደረጃው ላይ ነዋ።

የመተንፈስ ልምምዶችም እንዲሁ ናቸው። በአፍንጫ በዝግታ መሳብ፣ በሆድ መተንፈስ፣ ቡቴይኮ የሚባለው ዘዴ፣ ሁሉም የመጨነቅ ስሜትን ይቀንሳሉ፤ ብዙ ሰዎችም ከተለማመዷቸው በኋላ ቬንቶሊን የተባለውን ፈጣን ማስታገሻ የሚፈልጉበት ጊዜ እንደሚያንስ ታይቷል። ያበጠውን ቧንቧ ግን አያክሙም። በስልክ ላይ «በ21 ቀን ሳንባህን እጥፍ አድርግ» እያለ የሚመጣውን ሁሉ ማመን አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ለተራ ሰው ነው፣ ለሯጭ አይሆንም የሚል ካለ፣ በዚሁ በቦሌ መንገድ ላይ ሕንፃ ያቆመውን ኃይሌ ገብረሥላሴን ማንሳት ይበቃል። ኃይሌ አስም አለበት። የኦሎምፒክ ወርቅ በአትላንታና በሲድኒ የወሰደው፣ የዓለም ክብረ ወሰን ደጋግሞ የሰበረው ሰው በስፖርት የሚቀሰቀስ አስም ይዞት ነው የሮጠው። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን ከመሪዎቹ ጋር እያለ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ፤ በአየሩ ላይ የነበረው የአበባ ብናኝ ትንፋሹን ይዞት ነበር። ከአምስት ወር በኋላ በርሊን ላይ በ2:04:26 የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። እግሩም ልቡም ያው የኃይሌ ናቸው፤ በሁለቱ ውድድሮች መካከል በአያሌው የተለየው አየሩ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነው ይበልጥ የሚያስተምረው። በመጋቢት 2000 ዓ.ም.፣ ኦሎምፒኩ አምስት ወር ሲቀረው፣ የቤይጂንግ የአየር ብክለት ለጤናዬ አስጊ ስለሆነ ማራቶኑን አልሮጥም አለ። የክብረ ወሰኑ ባለቤት አልሮጥም ሲል ዓለም ጉድ አለ፤ እዚህ አገር ቤትም ያልገባቸው ነበሩ። ይልቅ ወደ ድሮ ቤቱ ወደ 10 ሺህ ሜትር ተመለሰ። ቀነኒሳ በቀለ በ27:01.17 ወርቁን ሲወስድ ኃይሌ 6ኛ ወጣ። የማራቶኑ ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ሳሙኤል ዋንጂሩ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ፣ የእኛው ጸጋይ ከበደም ነሐስ አገኘ። ኃይሌ አለመሮጡ እንደቆጨው በኋላ ተናግሯል። ነገር ግን ያ ሰማይ በራሱ አልጠራም። የቻይና መንግሥት ለጨዋታዎቹ ሲል መኪኖችን በታርጋ ቁጥራቸው ጎዶሎና ሙሉ ከፍሎ በየተራ እንዲወጡ አድርጎ፣ ፋብሪካዎችን ዘግቶ፣ ግንባታ አስቁሞ ነበር። በዚያ ሰሞን በአንድ የቤይጂንግ ሆስፒታል በአስም ምክንያት የሚመጡ ተመላላሽ ታካሚዎች ቁጥር በጉልህ መቀነሱ በጥናት ታትሟል። ለሯጮች ተብሎ የጸዳው አየር አንድም ቀን ሮጦ የማያውቀውን የቤይጂንግ ሕመምተኛ ጠቅሟል ማለት ነው። ኃይሌ ደግሞ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ተመልሶ በርሊን ሄዶ በ2:03:59 የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ፤ ከ2:04 በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ኃይሌ የተለየ ፍጡር ስለሆነ ነው አይባልም። አስም በኦሎምፒክ ስፖርተኞች ዘንድ እጅግ ከተለመዱት ሥር የሰደዱ ሕመሞች ቀዳሚው ነው። ልዩነቱ እነሱ ሐኪም አላቸው፣ ትንፋሻቸው ይለካል፣ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ያገኛሉ። ኦሎምፒያ ላይ የሚሮጠው ሰው ይህን ሦስት ነገር ከየት ያገኛል?

በቅርቡ በዚሁ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩ እናት ባዶ የቬንቶሊን ፓፍ ከቦርሳቸው አውጥተው መስታወቱ ላይ አስቀመጡ። «እንዲህ ያለውን ስጪኝ ልጄ።» ፋርማሲስቷ አንስታ ነቀነቀችውና «እማማ፣ ይኼ በስንት ጊዜ አለቀ?» አለቻቸው። «ኧረ ወርም አይሞላው።» «ጠዋትና ማታ የሚወስዱትስ፣ ቡኒው?» «እሱንማ ትቼዋለሁ። ቢወስዱት የማያሽል፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ።» ልጅቷ ወረፋው ሳያሳስባት ከመስታወቱ ወደ ውጭ ወጥታ፣ ዝቅ ብላ ታስረዳቸው ጀመር። እኔም ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ፤ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር።

አንድ የቬንቶሊን ፓፍ 200 ጊዜ ይነፋል። በወር ካለቀ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ እየተነፋ ነው። የዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ፣ ጊና የሚባለው፣ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ፓፍ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ማገርሸት እንደሚጋለጥ፣ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚጨርሰው ደግሞ ለሞት አደጋ እንደሚቀርብ ያስጠነቅቃል። ቬንቶሊን፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ በቧንቧው ዙሪያ ያለውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያፍታታል፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። እብጠቱን ግን አይነካውም። እብጠቱን የሚያበርደው በየዕለቱ የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፦ ቤክሎሜታዞን፣ ቡደሶናይድ ወይም ፍሉቲካዞን። ይህ ለውጡን ለማሳየት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። የተወሰደ ዕለት ምንም ስለማይሰማ ሰው «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል፤ «ሱስ ያስይዛል»፣ «ልብ ያደክማል» የሚለው ወሬ ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ይረሳል። በቀጥታ ሳንባ የሚገባው መጠን ከስቴሮይድ ኪኒን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ ሱስም የለውም። ከተሳበ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ሊወጣ ይችላል።

ጊና በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ውሳኔ አሳለፈ፦ ዕድሜያቸው 12ና ከዚያ በላይ የሆኑ አስም ያለባቸው ሰዎች በቬንቶሊን ብቻ መታከም የለባቸውም፤ ቀላል ነው የሚባለው አስም እንኳን የሚሳብ ስቴሮይድ ይፈልጋል። ለእኛ ከተማ ይህ ማለት ብዙ ነው። የእኛ ሰው አስም አያያዝ በአመዛኙ ሲነሳ የማብረድ ነው። ሲብስ ቬንቶሊን፣ ቬንቶሊን ሲጠፋ የሳልቡታሞል ኪኒን፣ በጣም ሲብስ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ኦክስጅንና መርፌ፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ጊዜ ዝም። የሚሳበው ስቴሮይድ አንዱ መድኃኒት ቤት ሲገኝ ሌላው ጋ ይጠፋል፤ ሲገኝም ለየወሩ ከኪስ ለሚያወጣ ቤተሰብ ይከብዳል። ከነማ መድኃኒት ቤቶች፣ የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ ሁሉም መደርደሪያ ላይ ከቬንቶሊን አጠገብ ይህ መድኃኒት ሳይቋረጥ ቢቀመጥ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ የበለጠ ሳንባ ይከፍታል ብዬ አምናለሁ። ቡደሶናይድና ፎርሞቴሮልን በአንድ የያዘው ፓፍ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ቅንጦት ነው አይባልም።

የሐኪሙ ጉዳይ ከበፊቱ ተሻሽሏል፤ ይህ መነገር አለበት። በ2005 ዓ.ም. (2013 እ.ኤ.አ.) በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የፅኑ ሕሙማን ሕክምና ልዩ ሥልጠና ሲጀመር አገሪቱ የሳንባ ልዩ ሐኪም አላት ለማለት በማይቻልበት ሁኔታ ላይ ነበረች። ዛሬ ከዚያ የወጡ ሐኪሞች በየሆስፒታሉ ያክማሉ፣ እነሱም በተራቸው ያሠለጥናሉ። ነገር ግን አስም በልዩ ሐኪም ደጃፍ የሚያልቅ ሕመም አይደለም። ጤና ጣቢያ ያለው ጤና መኮንንና ነርስ፣ መድኃኒት ቤት ያለችው ያቺ ፋርማሲስት ናቸው የሚይዙት።

ስለ አጠቃቀም አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ መድኃኒት የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ። ፓፍ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፋ ከመድኃኒቱ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በመካከል ባዶ ዕቃ፣ ስፔሰር የሚባለው፣ ሲገባ ግን ሳንባ የሚደርሰው ይጨምራል፤ ለሕፃናትና እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን ደግሞ ያለ እሱ መሳብ ከባድ ነው። በኬፕታውን ሐኪሞች ሠርተው በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ለሕፃናት ከተገዛው ስፔሰር እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። እዚህ አገር ግማሽ ሊትር ሃይላንድ የሌለበት ቤት የለም። ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ይቀደዳል፣ አየር እንዳያሾልክ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል፣ በሳሙና ውሃ ይታጠብና ሳይወለወል በአየር ይደርቃል። ፓፉን ነቅንቆ፣ አንዴ ነፍቶ፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብሎ መሳብና እስከ አሥር ድረስ መያዝ ነው። ሁለተኛው ካለ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ይህን አንድ ጊዜ አሳይቶ ማስደገም ለጤና ጣቢያ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

መድኃኒቱ ተስተካክሎ እንኳን አየሩ ይቀራል። በለንደን የተደረገና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ኦሎምፒያን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ቀላልና መካከለኛ አስም ያለባቸው 60 ሰዎች አንድ ቀን ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ፣ ሌላ ቀን እዚያው አጠገብ ባለው ሃይድ ፓርክ ውስጥ ሁለት ሁለት ሰዓት ተራመዱ። ጎዳናው ላይ በዚያን ጊዜ የሚያልፉት የናፍጣ አውቶቡሶችና ታክሲዎች ነበሩ። እርምጃው ያው እርምጃ ነው፤ ጎዳናው ላይ የተራመዱ ዕለት ግን በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የሚያወጡት አየር እስከ 6.1 በመቶ ወረደ፣ ከፓርኩ የበለጠ ማለት ነው፤ መካከለኛ አስም ያለባቸው ይበልጥ ተጎዱ። እኛም የሠራነው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ከሚኒባሱ፣ ከከተማ አውቶቡሱና ሌሊት ከሚያልፈው ሲኖትራክ አንድ ሁለት እርምጃ ብቻ የራቀ ነው። ከደምበል እስከ ኦሎምፒያ መብራት ይዞት የተደረደረው የመኪና ሰልፍ ጭሱን የሚለቀው ሯጩ በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ነው፤ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ከተቀመጠው ብዙ እጥፍ አየር ይስባል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሰማይ ሲጠራ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ የከሰሉን፣ የማገዶውንና የመኪናውን ጭስ ይዞ ይቆያል። ፀሐይ ጠንከር ብላ እስክታነሳው ድረስ የጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት በላዩ ይጨመርበታል። ማለዳ መሮጥ ጤና ነው ብለን የምንወጣው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ብቻውንም ቢሆን የአስም ቧንቧ ያኮማትራል፤ አያቶቻችን «ብርድ ነው» ሲሉ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም። የጽዳት ሠራተኞች መንገዱን የሚጠርጉትም ሯጩ በሚያልፍበት ሰዓት ነው፤ አቧራውን ግን ከሯጩ ይልቅ በየቀኑ የሚጠጡት እነሱ ናቸው፣ ስለ ሳንባቸው የሚያወራ ግን ብዙም አይሰማም።

ስንት ብናኝ እንደሚሳብ የሚነግረን ሰው ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያነሰ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ኤምባሲ በአዲስ አበባ የደቃቅ ብናኝ መለኪያ ተክሎ ውጤቱን በየሰዓቱ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዓመት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የከተማችን ልኬት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኤምባሲዎቹን መረጃ ማሰራጨት በመላው ዓለም አቆመ። የዋና ከተማችንን አየር በእንግዳ መሣሪያ ማወቃችን ራሱ ማሰብ የሚገባን ነገር ነበር። በየማዕዘኑ ግዙፍ የማስታወቂያ ስክሪን በተተከለበት መንገድ ላይ፣ አንዱ ስክሪን ጥግ ላይ የዕለቱን የብናኝ መጠን ቢያሳይ አስም ያለበት ሰው ሩጫውን ወደ ከሰዓት ያዛውር ነበር።

ቅሬታዬ በልማቱ ላይ አይደለም፤ ልማቱ ራሱ ያለው ዕድል ትልቅ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ ክርክሩ ሁሉ በነዳጅና በውጭ ምንዛሪ ላይ ነበር። ለሳንባ ያለው ትርጉም ከዚያ አያንስም፤ ነገር ግን ጭሱ በብዛት ያለው አሮጌ ሚኒባሱና የናፍጣ ከባድ መኪናው ጋ ስለሆነ፣ የቦሌ መንገድ አየር የሚለወጠው እነሱ ሲለወጡ ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ የተነሳውን አቧራ የኦሎምፒያ ሰው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አይቶታል። ከዚያ የተነሱት ሰዎች ደግሞ ካርዳቸው ካለበት ጤና ጣቢያ፣ ከሚያውቃቸው መድኃኒት ቤት ርቀው ሄደዋል። ለአስም ሕመምተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ክትትሉ የሚቋረጠው እንዲህ ባለ አጋጣሚ ነው። በሌላ በኩል ከእንጦጦ እስከ ፒኮክ የሚዘረጋው የወንዝ ዳርቻ ልማት ከመኪና ራቅ ያለ መሄጃ ይሰጣል። ለእኔ ከለንደኑ ጥናት የሚወጣው ትምህርት ለኦሎምፒያ ሰው ይህ ነው፦ መነሻህ ዋናው መንገድ ቢሆንም ሩጫህን ወደ ፒኮክ አካባቢ ውሰደው።

ቤታችን ውስጥ ያለውንም መርሳት አይገባም። ቡና ሲቆላ፣ ከሰሉ ሲቀጣጠል፣ ዕጣኑ ሲጨስ በሩ ተዘግቶ ከሆነ ለአስም ሕመምተኛ ከቦሌ መንገድ ይከፋል። ዕጣኑን ለአንድ ሰው ሲሉ መተው ለብዙ ቤት ይከብዳል፤ መስኮት መክፈትና ጀበናውን ወደ በረንዳ ማውጣት ግን ይቻላል። ኅዳር 12 ደግሞ አለ። በ1911 ዓ.ም. ከተማይቱን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ የሆነው «ኅዳር ሲታጠን» ዛሬም በየሰፈሩ ቆሻሻ ተከምሮ ይነድበታል። በሳንባ በሽታ ያለቁትን ለማስታወስ የሚነሳው ጭስ የዛሬውን ሳንባ ሕመምተኛ ሲያንቀው ይውላል። ጽዳቱን ማድረግ፣ እሳቱን መተው ወጉን አያጠፋውም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጅማ ውስጥ ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አስም በጅማ ከተማ በዙሪያዋ ካለው ገጠር ይልቅ በብዙ እንደሚታይና በከተማው በቅርብ ዓመታት የመጣ እንደሆነ አሳይቶ ነበር። ያኔ ጅማ ትንሽ ከተማ ነበረች። ከተሜነት ሲመጣ አስምም አብሮ እንደሚመጣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ ከራሳችን አገር ተነግሮናል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት መጀመር የሚፈልግ ሰው አለ። መጀመሪያ አስሙ መያዝ አለበት፤ ሌሊት የሚያስነሳው፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ቬንቶሊን የሚያስፈልገው ሰው ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ጋ ሄዶ የዕለት መድኃኒቱን ያስተካክል። ከዚያ በኋላ ሲሮጥ የሚነሳበት ከሆነ ከ15 ደቂቃ በፊት ቬንቶሊኑን በሐኪሙ ምክር ይውሰድ። ድንገት አይሩጥ፤ አሥር ደቂቃ ይራመድ፣ ከዚያ አጭር አጭር ፈጠን ማለት ይጨምር። እንዲህ የተሟሟቀ ቧንቧ ለቀጣዩ አንድ ሁለት ሰዓት ቶሎ እንደማይኮማተር ይታወቃል። ብርድ ሲሆን ሻርፕ ወይም ነጠላ አፍና አፍንጫ ላይ ጣል ማድረግ አየሩን ያሞቀዋል፣ ያርሰዋል። ሰዓት መምረጥ የሚችል ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ቢወጣ ይሻለዋል፤ እሑድ ጠዋት መንገዱ ቀለል ይላል። በስፖርት የሚቀሰቀስ አስም ብዙ ጊዜ የሚብሰው ሩጫው ከቆመ በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጨርሶ ወዲያው ታክሲ ውስጥ መግባት ሳይሆን እየተራመዱ መብረድ፣ ፓፉንም ኪስ ውስጥ ይዞ መውጣት ነው። ሰው አሳፍሮት ፓፉን ቤት የሚተው ብዙ ነው። አብረውት የሚሮጡት ይወቁለት።

ለልጆች ያለው ነገር ይለያል፣ ይበልጥም ያሳስበኛል። ቂርቆስ ውስጥ ባሉ ትምህርት ቤቶች ዛሬም ዳር ተቀምጦ የጓደኛውን ሹራብ የሚጠብቅ ልጅ አለ። አንድ የስፖርት መምህር ማወቅ ያለበት ብዙ አይደለም፦ ልጁ ፓፍ እንዳለው፣ የት እንዳስቀመጠው፣ ከሩጫው በፊት መውሰድ እንዳለበት፣ በሃይላንድ ጠርሙስ እንዴት እንደሚሰጠው። አንድን ዓረፍተ ነገር ሳይቆም መጨረስ ያቃተው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ቆዳ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ከንፈሩ የገረጣ ወይም የጠቆረ፣ ቬንቶሊን ተነፍቶለት ያልተሻለው ልጅ ወላጅ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ፣ በጠርሙሱ እየነፉለት፣ ያገኙትን መኪና አስቁሞ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ማድረስ ነው።